ፍጥነቱ ደረሰ፣ ጠመንጃው ግን ከዳ፦ የኤም16 ባሩድ ጉዳይ

ባለፈው በጋ ወንድሜ ከምለው ጓደኛዬ ጋ ተኩስ ሜዳ ሄደን ነበር፣ እዚህ ቴክሳስ፣ ሙቀቱ የማይቻል ቀን ነው። እሱ ጥይት በእጁ መሙላት ከጀመረ ገና ጥቂት ወሩ ነው፣ ለኤአር-15ቱ፣ ለወታደሩ ኤም16 የሲቪል ወንድም ማለት ነው፣ የሚሆን 223 የሚባለውን ጥይት ሞልቶ ይዞ መጣ፣ የጥይት ፍጥነት መለኪያውን፣ ክሮኖግራፉን፣ ተከልን፣ ተኮሰ፣ ቁጥሩ ሲወጣ ደስታው ሌላ ነው። የፈለገው ፍጥነት ቁጭ ብሏል። እኔ ግን ቁጥሩን ትቼ ጎንበስ ብዬ መሬት ላይ ቀለህ ስፈልግ አየኝና "ምን ጠፋብህ? ደርሷል እኮ" አለኝ። ቀለሆቹ በተለመደው ቦታ የሉም፣ ወደ ፊት ነው የተወረወሩት፣ ራቅ ብለው። ሁለቱን አንስቼ ሳያቸው ቂጣቸው ላይ የተፋቀ የሚያብለጨልጭ ምልክት አለ፣ ጠርዛቸው ደሞ በአንድ በኩል ተጎትቶ ጎበጥ ብሏል። "ፍጥነቱን አግኝተሃል፣ ግን ጠመንጃህን እየደበደብከው ነው" አልኩት። አላመነኝም። መመሪያው ላይ ካለው ልክ አላለፍኩም፣ ፍጥነቱም ልክ ነው፣ ታዲያ ምኑ ነው ችግሩ አለኝ፣ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ማታ ቤት ቁጭ ብለን የአሜሪካ ጦር ቬትናም ላይ የተዋጋበትን ጠመንጃ፣ የኤም16ን ነገር ከሀ እስከ ፐ ነገርኩት። ይሄ ጽሑፍ የዛ ማታ ወሬ ነው፣ ትንሽ አስተካክዬው። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ ትንሽ ልበል። አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ ቀለሁ፣ ቂጡ ላይ ያለችው ባሩዱን የምትለኩሰው ፕራይመር፣ ውስጡ ያለው ባሩድ፣ ጫፉ ላይ የተሰካው እርሳስ። በእጅ መሙላት ማለት የተተኮሰውን ቀለህ አጽድተህ፣ ዳይ በሚባል ቅርጽ ማውጫ ወደ ልኩ መልሰህ፣ አዲስ ፕራይመር ከተህ፣ ባሩዱን በሚዛን መዝነህ፣ እርሳሱን መሰካት ነው። ባሩድ የሚመዘነው በግሬን ነው፣ 7000 ግሬን አንድ ፓውንድ ይሆናል፣ ስለዚህ አንድ ግሬን ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች አስቡት። የሞላኸው ጥይት ምን ያህል እንደሚሮጥ ለማወቅ ደሞ ክሮኖግራፍ ያስፈልጋል። የድሮው ዓይነት ሁለት ዓይን አለው፣ እርሳሱ በአንደኛው ላይ ሲያልፍ ሰዓቱ ይጀምራል፣ በሁለተኛው ላይ ሲያልፍ ይቆማል፣ በመሀላቸው ያለው ርቀት ስለሚታወቅ ፍጥነቱ ይወጣል። የሚተከለው ከአፈሙዙ ከ10 እስከ 15 ጫማ ራቅ ተደርጎ ነው፣ ከቀረበ የአፈሙዙ ፍንዳታ ያሳስተዋል። አሁን አሁን በራዳር የሚለኩ ትንንሽ ዕቃዎች መጥተዋል፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ መተኮስ ብቻ ነው። ሁሉም ግን የሚነግሩህ አንድ ነገር ነው፣ እርሳሱ ከወጣ በኋላ ስንት እንደሮጠ። በርሜሉ ውስጥ እያለ ምን እንደሆነ አይነግሩህም። እቺን ያዙልኝ፣ ነገሩ በሙሉ የሚዞረው እሷ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ጦር ቀለል ያለ፣ ትንሽ ጥይት በጣም በፍጥነት የሚተኩስ ጠመንጃ ይፈልግ ነበር። አርማላይት የሚባል ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረው ዩጂን ስቶነር ከባልደረቦቹ ጋ ሆኖ ኤአር-15ን አወጣ፣ ጦሩ በኋላ ኤም16 ያለውን። ጦሩ ከጠየቀው ነገር አንዱ እርሳሱ በ500 ያርድ ላይ የብረት ቆብ አንዱን ጎን እንዲበሳ ነበር፣ ትንሽ እርሳስ ደሞ ያን ያህል ርቆ ቆብ እንዲበሳ ከተፈለገ መሮጥ አለበት፣ ሌላ መንገድ የለውም። እርሳሱ 55 ግሬን ነው፣ ማለትም 3.56 ግራም ገደማ። በ1959 የጠመንጃው መብት ለጠመንጃ አምራቹ ኮልት ተሸጠ። በ1960 ደሞ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ከርቲስ ለሜይ አንድ ግብዣ ላይ በዚህ ጠመንጃ ሐብሐብ ተኩሶ ሲፈነዳ አይቶ በጣም እንደወደደው ይነገራል፣ ከዛ አየር ኃይሉ መግዛት ጀመረ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ጣል ላርግ፣ ለኛ ሰው ነገሩ ቶሎ እንዲገባው። አድዋ ላይ ብዙ አባቶቻችን የያዙት ውጅግራ የፈረንሳይ የ1874 ጠመንጃ ነው፣ ጥቁር ባሩድ ነው የሚጎርሰው፣ እርሳሱ 25 ግራም፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር አካባቢ። የኤም16 እርሳስ የዚያን ሰባተኛ እንኳ በደንብ አይመዝንም፣ ግን ከእጥፍ በላይ ይሮጣል፣ በሰከንድ 990 ሜትር ገደማ። ጉልበቱን ብታሰሉት ውጅግራው ይበልጣል፣ 2500 ጁል ገደማ ለ1750 ገደማ። ማለትም የአዲሱ ጠመንጃ ነገር በሙሉ የተንጠለጠለው ፍጥነቱ ላይ ነው። ፍጥነቱ ከወረደ ሌላ የሚደግፈው ነገር የለውም፣ እርሳሱ ቀላል ነዋ። ጦሩ ፍጥነቱን የሙጥኝ ያለው ያለምክንያት አይደለም፣ ይሄን ልንረዳላቸው ይገባል።

ስቶነር ጠመንጃውን ሲሠራ የተጠቀመበት ባሩድ ዱፖንት የሚያመርተው አይኤምአር 4475 የሚባል ነበር። ይሄ ባሩድ በማሽን ተገፍቶ እንደ ፓስታ ወጥቶ የሚቆራረጥ ዓይነት ነው፣ ትንንሽ ቱቦ ቱቦ ይመስላል። ጠመንጃው፣ የጋዝ ቀዳዳው ስፋት፣ ቻምበሩን የሚዘጋውና የሚከፍተው ብረት፣ የቦልቱ፣ ክብደት፣ ስፕሪንጉ፣ ሁሉም ነገር ከዚህ ባሩድ ጋ እየተሞከረ እየተስተካከለ ነው የተሠራው። ጠመንጃውና ጥይቱ አብረው ተወለዱ ማለት ይቻላል።

በ1963 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ ጦሩ ይዞት የነበረው የኤም14 ጠመንጃ ምርት እንዲቆም አደረገና የስቶነር ጠመንጃ በብዛት እንዲገዛ ተወሰነ፣ የመጀመሪያው ትልቅ ውል 104,000 ጠመንጃ ነው፣ 85,000ው ለምድር ጦር፣ 19,000ው ለአየር ኃይል። ከየጦሩ የተውጣጣ የቴክኒክ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ የጥይቱ ስፔክ፣ መስፈርቱ ማለት ነው፣ ተጻፈ። ስፔኩ ላይ የሰፈረው ቁጥር ይሄ ነው፦ ከአፈሙዙ በ15 ጫማ ላይ 3250 ጫማ በሰከንድ፣ 40 ሲደመር ወይም ሲቀነስ፣ የቻምበር፣ ማለትም ጥይቱ የሚጎርስበት የበርሜሉ ቂጥ፣ ግፊት ደሞ ከ52,000 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች እንዳይበልጥ።

ሁለቱም ቁጥር ለየብቻ ሲታይ ጤነኛ ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አይኤምአር 4475 በብዛት ሲመረት ሁለቱንም ማሟላት አልቻለም። ፍጥነቱን ለማድረስ ባሩድ ሲጨምሩ ግፊቱ ጣራውን ይነካል፣ ግፊቱን ለማውረድ ሲቀንሱ ፍጥነቱ ይጎድላል። ጥይት ሞልቶ የሚያውቅ ሰው ይሄን ግድግዳ ያውቀዋል፣ ሁላችንም ደርሰንበታል። ቤትህ ከሆነ ሁለት ምርጫ አለህ፣ ወይ በትንሽ ዝቅ ያለ ፍጥነት ትስማማለህ፣ ወይ ባሩድ ትቀይራለህ። ጦሩም ፊት የነበረው ምርጫ ይሄው ነው። በ1964 መጀመሪያ ላይ ጥይት አምራቾቹ በዚህ ስፔክ አንገባም አሉ፣ ጦሩ ለጊዜው የግፊቱን ጣራ ትንሽ ከፍ አደረገላቸው፣ ግን መፍትሄ አይደለም። ፍጥነቱን ዝቅ እናድርገው የሚለው ሐሳብ ደሞ ተቀባይነት አላገኘም። ስለዚህ ባሩዱ ተቀየረ።

በዛው ዓመት ሁለት አዲስ ባሩድ ተፈቀደ። አንዱ የዱፖንት ሲአር 8136 ነው፣ እሱ ብዙም ሳይቆይ ወጣ። ሌላው ኦሊን የሚባለው ድርጅት ደብሊውሲ 846 ነው፣ ቦል ፓውደር የሚባለው፣ ጦሩ ለኤም14 ጥይት ሲጠቀምበት የኖረ። ቦል የተባለው ፍሬው ክብ ስለሆነ ነው። አሠራሩም ለየት ይላል፣ ናይትሮሴሉሎሱ በኤቲል አሲቴት ሟሙቶ ውሃ ውስጥ እየተናጠ ወደ ትንንሽ ኳስ ይቀየራል፣ ከዛ ናይትሮግሊሰሪን ይገባበታል፣ ላዩ ላይ ደሞ መጀመሪያ እንዳይቸኩል የሚያዘገይ ነገር ይቀባል። ቶሎ ይመረታል፣ ሲመረት አደጋው ያነሰ ነው፣ በማሽን ሲሞላ እንደ ጤፍ ፍስስ ስለሚል ልኩ አይዛነፍም። በእጄ ስሞላበት ራሴም የምወድለት ይሄን ነው። ናይትሮሴሉሎሱ ውስጥ የቀረ አሲድ እንዳያበላሸው ካልሲየም ካርቦኔት ይጨመርበታል፣ ኖራ ብላችሁ ያዙት፣ ስፔኩ እስከ 1 በመቶ ድረስ ይፈቅድ ነበር። ይቺ ኖራ በኋላ ትመጣለች።

ተሞከረ። ፍጥነቱ 3250 ደረሰ። ግፊቱም ከጣራው በታች ነው። ስፔኩ ተሟላ፣ ተፈረመ።

እና አሁን የጓደኛዬ ጥያቄ ጋ ደረስን። ፍጥነቱ ልክ ነው፣ ግፊቱ ልክ ነው፣ ታዲያ ምን ተበላሸ?

እሳት ያነደደ ሰው ያውቃል። ጭራሮ ብታነዱ ቦግ ብሎ ይነዳል፣ ቶሎም ይወርዳል። ፍልጥ ብታነዱ ቀስ ብሎ ይይዛል፣ ግን ጭራሮው ከጠፋ በኋላም እሱ ይነዳል። ውሃው በሁለቱም ይፈላል፣ ድስቱን ብቻ ያየ ሰው ልዩነቱን አያውቅም። ባሩድም እንደዛ ነው። እርሳሱ በርሜሉን ለመጨረስ አንድ ሺኛ ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት፣ በዛች ጊዜ ውስጥ ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። አይኤምአሩ ጫፍ ደርሶ ቶሎ ይወርዳል። ቦሉ ጫፉ ከፍ ሳይል ዘግየት ብሎ ይወርዳል፣ እርሳሱን እስከ መጨረሻው ይገፋዋል። ፍጥነት የሚያገኘውም በዚህ ነው፣ ጫፉን ሳያሳድግ ግፊቱን ወደ ኋላ ላይ አስረዝሞ። ለቦልት አክሽን፣ በእጅ እየተከፈተ ለሚጎርስ ጠመንጃ ቢሆን ይሄ ትልቅ በረከት ነው፣ ምንም ጉዳት የለውም።

ኤም16 ግን ቦልት አክሽን አይደለም። በርሜሉ 20 ኢንች ነው፣ ወደ አፈሙዙ 7 ኢንች ገደማ ሲቀር ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ እርሳሱ እሷን ሲያልፍ ጋዙ በቀዳዳዋ ገብቶ በቀጭን ቱቦ ወደ ኋላ ይመለስና የቦልቱን ተሸካሚ ይገፋዋል፣ ቦልቱ ዞሮ ይከፈታል፣ ቀለሁን ጎትቶ ይጥላል፣ ሌላ ያጎርሳል። የጠመንጃው ልብ ያቺ ቀዳዳ ጋ ያለው ግፊት ነው። ስፔኩ ደሞ የለካው ሁለት ቦታ ነው፣ ቻምበሩ ጋ ግፊቱን፣ ከአፈሙዙ 15 ጫማ ላይ ፍጥነቱን። ጠመንጃው የሚሠራበት ቦታ ከሁለቱ መሀል ነው፣ ቦሉ የተለወጠውም እዛው መሀል ላይ ነው። ቀዳዳዋ ጋ ግፊቱ ከበፊቱ በጣም ከፍ አለ።

ግፊቱ ሲጨምር ቦልቱ ቸኮለ። በአውቶማቲክ ሲተኮስ በደቂቃ ከ850 በላይ እንዳይሄድ የተባለው ጠመንጃ ወደ 1000 የሚጠጋ ጥይት መትፋት ጀመረ። ይሄ ደስ የሚል ሊመስል ይችላል፣ አይደለም። ቀለህ ሲተኮስ ያብጥና የቻምበሩን ግድግዳ አጥብቆ ይይዛል፣ ግፊቱ ሲወርድ ደሞ ነሐስ ስለሆነ ይሟሽሽና ይለቃል። እስኪለቅ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ቦልቱ ያቺን ጊዜ ሳይሰጠው ቸኩሎ ሲጎትት ቀለሁ ገና ግድግዳውን እንደያዘ ነው፣ ስለዚህ ቀለሁን የሚጎትተው ጥፍር፣ ኤክስትራክተሩ፣ ወይ ያንሸራትታል ወይ የቀለሁን ጠርዝ ገምጦ ይመጣል። ቀለሁ ቻምበር ውስጥ ይቀራል፣ ጠመንጃው ዱላ ይሆናል። ጓደኛዬ ቀለህ ላይ ያየሁት የጎበጠ ጠርዝ የዚህ የመጀመሪያ ደረጃው ነው፣ ለዛ ነው ያስደነገጠኝ።

በዚህ ላይ ሌሎች ነገሮች ተደራረቡ። ኖራዋና ሌላው ቅሪት ጋዝ ቱቦው ውስጥና ቦልቱ ላይ እየተጋገረ ሄደ። ቻምበሩ ክሮም አልተለበሰም ነበር፣ የቬትናም እርጥበት ደሞ ብረት ይበላል፣ ዝገት የበላው ቻምበር ቀለሁን የበለጠ ይይዘዋል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ ነው፦ ጠመንጃው ብዙ ጽዳት አያስፈልገውም የሚል ወሬ ተናኝቶ ነበር፣ ማጽጃ ዘንግና ብሩሹ እንኳ ለሁሉም ወታደር አልደረሰም። አንድ የገበሬ ልጅ ጦር ሜዳ ላይ ስለ ቀዳዳ ግፊት ምን ያውቃል? የተሰጠውን ይዞ ነው የሚሄደው።

አንዳንድ ሰው ሁሉንም ጥፋት ባሩዱ ላይ ይጭናል፣ ሌላው ደሞ ሁሉንም ጽዳቱ ላይ። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። የጽዳት ጉድለት ችግሩን ያባብሳል፣ ጽዳት ያስታግሳል፣ ግን ጽዱ ጠመንጃም ቢሆን ቸኩሎ ይከፈት ነበር። ቻምበሩ ክሮም ቢሆን ኖሮ ደሞ ያው ባሩድ ያን ያህል ሰው አይጎዳም ነበር። መነሻው ግን አንድ ነው፣ አብሮ የተወለደን ነገር ለያይተው አንዱን ብቻ ቀየሩ፣ የቀየሩትንም አንድ ላይ አድርገው በደንብ አልሞከሩም።

በደንብ አልሞከሩም ስል ዝም ብዬ አይደለም። ኮልት ጠመንጃዎቹን ለጦሩ ከማስረከቡ በፊት ተኩሶ ማሳየት አለበት፣ በደቂቃ የሚተኩሰው ቁጥር ከስፔኩ እንዳይወጣ። በቦል ጥይት ሲሞክሩት ብዙ ጠመንጃ ከልኩ ያልፋል። ኮልት አመለከተ፣ በዚህ ጥይት ስፔኩን ላሟላ አልችልም አለ። የተሰጠው መልስ ምን መሰላችሁ፣ ፋብሪካው ውስጥ ለርክክብ ሙከራው በዱፖንት ባሩድ የተሞላ ጥይት ተጠቀም የሚል ነው። ማለትም ጠመንጃው በአንድ ባሩድ ተፈትኖ አለፈ፣ ወደ ቬትናም ሲሄድ የተሰጠው ጥይት ግን አብዛኛው በሌላው ባሩድ የተሞላ ነው። ይሄን የመጀመሪያ ቀን ሳነብ ደግሜ ነው ያነበብኩት። ቁጥሩ እንዲስተካከል ብሎ የፈተናውን ጥይት መቀየር! እኛ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ እንኳ ብናረገው የምናፍርበት ነገር ነው።

መጀመሪያ ላይ ችግሩ ብዙም አልታየም። በኅዳር 1965 ቬትናም ውስጥ ኢያ ድራንግ ሸለቆ በነበረው ከባድ ውጊያ ጠመንጃው ጥሩ ስም አገኘ፣ ከዛ እዛ ያለውን የአሜሪካ ጦር የሚመራው ጄኔራል ዌስትሞርላንድ ብዙ ተጨማሪ እንዲላክ ጠየቀ። ጠመንጃው በብዛት ሲገባ፣ ስለ አያያዙ በደንብ ያልሠለጠነ ሰው እጅ ሲገባ፣ ጭቃና ዝናብ ሲያገኘው፣ በ1966 መጨረሻ ጀምሮ ነከሰብኝ የሚለው ሪፖርት በዛ። ኮልት ሰዎች ልኮ አስጠና። በ1967 የፈረንጆች ጸደይ ላይ ማሪኖቹ ኤም14ን አስረክበው ኤም16 ተቀበሉ፣ ወዲያው ኬ ሳን አካባቢ ያሉት ኮረብታዎች ላይ ከሚያዝያ 24 እስከ ግንቦት 11 ድረስ ከባድ ውጊያ ገቡ። እዛ የሆነው ነው አገሩን ያናወጠው። የነከሰ ቀለህ ለማስወጣት ያለው መንገድ ማጽጃ ዘንግ በአፈሙዙ በኩል አስገብቶ ወግቶ ማውጣት ነው፣ ልክ እንደ ድሮ አፈ ሙዝ ጎራሽ ጠመንጃ፣ ጠላት እየተኮሰብህ። ዘንግ ያገኙት ጠመንጃቸው ጎን ላይ በፕላስተር ለጥፈው ይዞሩ ነበር። አንዳንዶቹ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ጠመንጃቸውን ለመክፈት ሲታገሉ ነው የሞቱት። አንድ ማሪን ለቤተሰቡ የጻፈው ደብዳቤ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ምክር ቤት ውስጥም ተነሳ። እኔ ስለ ባሩድና ፍጥነት ሳወራ እነዚህ ልጆች ከፊቴ አይጠፉም፣ ለኔ ይሄ የቁጥር ጨዋታ አይደለም።

በግንቦት 1967 የተወካዮች ምክር ቤት የሚዙሪውን ሪቻርድ አይኮርድን ሰብሳቢ አድርጎ ንኡስ ኮሚቴ አቋቋመ። ስቶነርም ቀርቦ መሰከረ። ሪፖርቱ ጥቅምት ላይ ወጣ። ቋንቋው ለመንግሥት ሪፖርት በጣም ጠንካራ ነው፣ ባሩዱ በቂ ሙከራ ሳይደረግበት መቀየሩን ጻፈ፣ ችግሩ ከታወቀ በኋላ ሳያስተካክሉ መቆየታቸውን ደሞ ወደ ወንጀል የሚጠጋ ቸልተኝነት ነው አለው።

ማስተካከያው በየተራ ነው የመጣው። ከሪፖርቱም በፊት ከ1966 መጨረሻ ጀምሮ ከበድ ያለ አዲስ በፈር፣ ቦልቱ ወደ ኋላ ሲመጣ የሚቀበለው ክብደት፣ ገባ፣ የቦልቱን ችኮላ የሚያበርድ። በ1967 ቻምበሩ ክሮም እንዲለብስ ተወሰነ። ማጽጃው በብዛት ተላከ፣ በኋላም ሰደፉ ውስጥ የማጽጃ ዕቃ ማስቀመጫ ተሠራለት፣ ወታደሩ እንዲያነበው በሥዕል የተሠራ የአያያዝ መመሪያ ታተመ። በ1970 ደሞ የካልሲየም ካርቦኔቱ ጣራ ከ1 በመቶ ወደ 0.25 በመቶ ወረደ፣ በኋላ ባሩዱ ራሱ ለዚህ ጥይት ተለይቶ ደብሊውሲ 844 የሚባል ሆነ። ቦሉን ግን አልተዉትም። ጠመንጃውን ከባሩዱ ጋ እንደገና አስታረቁት እንጂ። ይሄ ነጥብ ብዙ ሰው ያመልጠዋል፣ ቦል ፓውደር መጥፎ ባሩድ ሆኖ አያውቅም፣ ላልተሠራለት ጠመንጃ ነው የተሰጠው። ከዛ በኋላ ያው ጠመንጃ ለብዙ አሥርት ዓመታት በዛው ዓይነት ባሩድ ያለ ችግር ሠርቷል።

ይሄን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ ጓደኛዬ ዝም ብሎ ቆየና "የኔ ጠመንጃ ደሞ 16 ኢንች ነው" አለ። ገባው። የሱ ጠመንጃ በርሜሉ አጠር ያለ፣ የካርባይን ዓይነት ነው፣ የጋዝ ቀዳዳው ለቻምበሩ የቀረበ ነው፣ ከወታደሩ ኤም16 ይልቅ ቀዳዳው ጋ የሚደርሰው ግፊት ቀድሞም ከፍተኛ ነው። እሱ ደሞ በዛ ላይ ዘግየት ብሎ የሚነድ ባሩድ መርጦ መመሪያው የሚፈቅደው የመጨረሻው ልክ ድረስ ሞላው፣ በቴክሳስ ሙቀት፣ ሙቀት ደሞ ብዙውን ባሩድ ያናድደዋል። መመሪያውን አልጣሰም፣ እውነቱን ነው። መመሪያው የሚነግርህ የቻምበሩን ግፊትና የአፈሙዙን ፍጥነት ነው፣ ያንተን ጠመንጃ ቀዳዳ አያውቀውም።

ስለዚህ ምን አደረግን። በመጀመሪያ የሞላውን በሙሉ አስቀመጥነው፣ በጥይት መጎተቻ መዶሻ አንድ በአንድ አፈረስነው፣ አሰልቺ ሥራ ነው ግን ደግሞ ከመተኮስ ይሻላል። ከዛ ከመመሪያው ዝቅተኛ ልክ ተነስቶ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ በየደረጃው አምስት አምስት እንዲሞላ አደረግኩት። ከአምስት ጥይት የሚገኘው አማካይ ፍጥነት ግምት ነው እንጂ እውነት አይደለም፣ ይሄንንም ነገርኩት፣ ወጥነቱን ማወቅ የፈለገ ሰው የመጨረሻውን ልክ ከመረጠ በኋላ ቢያንስ ሃያ መተኮስ አለበት። እያንዳንዱን ቀለህ ደሞ በማርከር ምልክት አድርገንበት ከየትኛው ደረጃ እንደሆነ እንድናውቅ አደረግን። ፍጥነቱ ከአንድ ዓምድ፣ የቀለሁ ሁኔታ ከሌላ ዓምድ፣ ቀለሁ የወደቀበት አቅጣጫና ርቀት ከሦስተኛ ዓምድ ደብተሩ ላይ አሰመረ። እኔ ስጀምር ሦስተኛው ዓምድ አልነበረኝም፣ ያመጣሁት ይሄን ጉዳይ ካነበብኩ በኋላ ነው።

ባሩድ ልንገዛ ሱቅ አብረን ሄድን። መደርደሪያው ላይ ኤች 335 የሚባል አለ፣ ሆጅደን የሚባል ድርጅት ነው የሚሸጠው፣ ለ223 ብዙ ሰው የሚጠቀምበት፣ እሱ ማለት ደብሊውሲ 844 ነው፣ ለሲቪል የሚሸጠው። ትንሽ አለፍ ብሎ ቢኤል-ሲ 2 አለ፣ እሱ ደሞ የዛው የደብሊውሲ 846 ዝርያ ነው። ከነሱ ጎን አይኤምአር የሚል ስም ያለባቸው ጠርሙሶች ተደርድረዋል፣ አይኤምአርንም ሆጅደን በ2003 ገዝቶታል። ያን ጊዜ ምክር ቤት ያከራከሩት የሁለት ድርጅቶች ባሩዶች ዛሬ በአንድ ባለቤት ስም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጓደኛዬ ቆሞ አያቸው። አንዱን አንስቶ ጀርባውን አነበበ፣ መልሶ አስቀመጠና ሌላውን አነሳ። "የቱ ነው የሚሻለኝ?" አለኝ። "ጠመንጃህን ጠይቀው" አልኩት፣ ከልቤ ነው። ሁለቱንም ትንሹን ጠርሙስ ገዛ።

ቅዳሜ ተመልሰን ሄድን። እሱ ክሮኖግራፉን ሲተክል እኔ ከመኪናዬ አሮጌ አንሶላ አውጥቼ ከጠመንጃው በስተቀኝ መሬት ላይ ዘረጋሁ፣ አራቱን ጫፍ ድንጋይ ጫንኩበት። የመጀመሪያው ደረጃ አምስት ጥይት ካለፈው ቀን በጣም ዝቅ ያለ ፍጥነት ሰጠ። እሱ ግን ስክሪኑን አላየም፣ ሄዶ አንሶላው ላይ ተንበረከከና ቀለሆቹን ማንሳት ጀመረ።